የትኛውን ሌንስ ልያዝ? መቼስ ካሜራዬን ላውርድ?

«ውድ አዘጋጆች፦ ላለፉት ሰባት ዓመታት የምተዳደረው በስፖርትና በሰርግ ፎቶ ነው። አሁን አንድ የዜና ወኪል ጦርነት ወዳለበት አካባቢ ሄጄ በቀን ክፍያ እንድሠራ ጠይቆኛል፤ አንድ ወር ቀርቶኛል። ያለኝ አንድ ካሜራ፣ አንድ 24-70 እና አንድ 70-200 ሌንስ ነው። ጓደኛዬ ባለ 400 ሚሊ ሜትር ሌንሱን ላውስሽ ብሎኛል፤ ከሩቅ ሆኜ ብሠራ የሚሻል መስሎኛል። የከበደኝ ግን ሌላ ነው። የቆሰለ ሰው ፊቴ ቢወድቅ ላንሳው ወይስ ልርዳው? አስከሬን ይነሣል? ምርኮኛስ? ሥራውን የሚያውቅ አንድ ሰው ደግሞ "ሰማዩን ትንሽ አጥቁሪው፣ ሁሉም የሚያደርገው ነው" ይለኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?» — ስሜ ይቆይ

ውድ ጠያቂያችን፦

ከ400ው እንጀምር፤ ይተዉት። ክብደቱን ብቻ አይተን አይደለም። ትከሻ ላይ የተደገፈ ረጅም ጥቁር ነገር ከሩቅ ለሚያይ ታጣቂ ካሜራ አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ2003 የሮይተርስ ካሜራ ባለሙያ ማዜን ዳና ባግዳድ አጠገብ ከአቡ ግሬይብ እስር ቤት ውጭ ሲቀርጽ በአሜሪካ ወታደር ተተኩሶበት ሞተ። ትከሻው ላይ የነበረው ካሜራ የአርፒጂ ማስወንጨፊያ መሰለን የሚል ነበር የተሰጠው ምክንያት። በ2007 እዚያው ባግዳድ ውስጥ የዚያው ወኪል ፎቶ አንሺ ናሚር ኑር ኤልዲን እና ረዳቱ ሰኢድ ሽማግ ከሄሊኮፕተር በተተኮሰ ጥይት ተገደሉ፤ ከግድግዳ ጥግ ብቅ ያለው ረጅም ሌንስ በሄሊኮፕተሩ ሠራተኞች ዓይን አርፒጂ ሆኖ ነበር።

ሁለተኛው ምክንያት ካሜራዬን መቼ ላውርድ ካሉት ጥያቄ አይለይም። መቶ ሜትር ርቀው ያነሡትን ሰው ስሙን አይጠይቁትም፣ ምን እንደደረሰበት አይሰሙም፣ ፊቱ እንዲወጣ ይፈልግ አይፈልግ አያውቁም። ስሙ ያልተጠየቀ ሰው ፎቶ ደግሞ ሌላው ሰው የፈለገውን ታሪክ የሚለጥፍበት ባዶ ሰሌዳ ነው፤ ዛሬ የአንዱ ወገን ሰለባ ተብሎ ይወጣል፣ ከወር በኋላ የሌላው። ባለ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን ሰውየው እንዲያይዎ፣ እንዲያናግርዎ፣ ካልፈለገም «ተይ» እንዲልዎ የሚያደርግ ርቀት ላይ ያቆምዎታል። ስለዚህ የዕቃ ጥያቄ እና የሥነ ምግባር ጥያቄ ብለው የለዩዋቸውን አንድ ላይ እንመልሳቸዋለን።

የሚያስፈልግዎ ተጨማሪ ሌንስ ሳይሆን ሁለተኛ ካሜራ ነው። ካለዎት ጋር አንድ ዓይነት ሞዴል ይከራዩ ወይም ይዋሱ፤ ባትሪውም፣ ቻርጀሩም፣ የቁልፎቹ ቦታም አንድ ይሆናል። አንዱ ላይ 24-70ውን፣ ሌላው ላይ ትንሽ ባለ 35 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይግጠሙና ቀኑን ሙሉ አይንቀሏቸው። አቧራ መሃል ሌንስ የቀየረ ሰው ሰንሰሩ (ምስሉ የሚያርፍበት የካሜራው ክፍል) ላይ ያረፈውን ብናኝ በየፎቶው ሰማይ ላይ እንደ ጥቁር ነጠብጣብ ያገኘዋል፤ ያን ማጥፋትም፣ ኋላ እንደምናየው፣ በሥርዓት ካልተሠራ ጣጣ ያመጣል። ብናኝ ከገባ በእጅ በሚጨመቅ የአየር መንፊያ ያስወግዱት፤ በአፍ ከነፉበት ምራቅ ይረጭበታል። 70-200ው ይሂድ፣ ግን ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ። ለመግለጫ፣ ለቀብር ሥነ ሥርዓት፣ መቅረብዎ ሐዘንተኛን ለሚረብሽበት ጊዜ ይጠቅማል። የትኛው ብራንድ ይሻላል የሚለው ክርክር ውስጥ አንገባም። የጦርነት ፎቶ አንሺው ዶን ማካሊን ካምቦዲያ ውስጥ የያዘው ኒኮን ኤፍ ጥይት አቁሞለታል፤ ካሜራ ለመምረጥ ግን ይህ ምክንያት አይሆንም።

ከስፖርት ሜዳ ይዘው የሚመጡት አንድ ልማድ አለ፤ ጣትን ሳያነሡ በሰከንድ ሃያ ፎቶ መርጨት። ይቀንሱት። ካርዱ ይሞላል፣ ባትሪው ያልቃል፣ ማታ ደካማ ኢንተርኔት ላይ ሺህ ፎቶ ሲያገላብጡ የፎቶ መግለጫ የሚጽፉበት ሰዓት ይሄዳል። ሌላው የስፖርት ልማድዎ ግን ይጠቅማል። እየተራመዱ ሲያነሡ የሹተር ፍጥነቱን ከ1/500 ሰከንድ አያውርዱ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ለካሜራው ይተዉት፣ ከፍተኛውን ጣሪያ 6400 ወይም 12800 ላይ ያስሩት። ጥራጥሬ መሰል ሻካራ ነጥብ የበዛበት ፎቶ ይታተማል፤ የተንቀጠቀጠ ግን ብዙ ጊዜ አይታተምም።

ቤትዎ ሳሉ ሊያጠፏቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ፦ ፍላሽ፣ ለፎከስ የምትበራዋ ትንሽ መብራት፣ የቢፕ ድምፅ፣ ካነሡ በኋላ ስክሪኑ ላይ ብቅ የሚለው ምስል፣ ዋይፋይ፣ ብሉቱዝ፣ ጂፒኤስ። በጨለማ አንዲት ቀይ ወይም ብርቱካናማ ብርሃን ያሉበትን ቦታ ትናገራለች። ካሜራዎ ድምፅ አልባ ሹተር ካለው ሐዘን ቤት ውስጥ መልካም ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ ግን ይጠንቀቁ። የፍሎረሰንትና የአንዳንድ ኤልኢዲ መብራት ከኤሌክትሪኩ ጋር ስለሚርገበገብ ኤሌክትሮኒክ ሹተር በፎቶው ላይ ጥቁር መስመሮች ይጥላል። ኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ በሆነበት አገር ፍጥነቱን 1/100 ወይም 1/50፣ 60 ኸርዝ በሆነበት 1/120 ወይም 1/60 ያድርጉ፤ ካልሆነም ወደ ሜካኒካሉ ይመለሱ።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሰዓቱን ነው። ሁለቱን ካሜራዎችና ስልክዎን በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት) አቆጣጠር በሰከንድ ደረጃ ያስተካክሉ፤ በየሳምንቱም ይመልከቷቸው። ሁለት ካሜራ በአራት ደቂቃ ከተለያየ ፍንዳታውና የሸሸው ሕዝብ ቦታ ይቀያየራሉ፤ ማታ ፋይሎቹን በሰዓት ቅደም ተከተል ሲደረድሩ ሕዝቡ ከፍንዳታው በፊት የሮጠ ይመስላል፣ እርስዎም ሳያውቁ የሐሰት መግለጫ ይጽፋሉ። ካርዶቹንም እንዲህ ያዘጋጁ፦ በአንደኛው ማስገቢያ ሮው (ያልተነካው ጥሬ ፋይል)፣ በሁለተኛው ጄፔግ። ሮይተርስ በ2015 ተቀጣሪ ሳይሆኑ በግላቸው ለሚሠሩ ፎቶ አንሺዎች ካሜራው ራሱ የሠራውን ጄፔግ ብቻ ላኩ የሚል መመሪያ አውጥቷል፤ እንደ ወርልድ ፕሬስ ፎቶ ያለ ውድድር ደግሞ ዋናውን ፋይል ያስቀርባል። ሁለቱም በእጅዎ ይኑሩ።

የራስዎ መዝገብ ለምን እንደሚያስፈልግ አንድ ምሳሌ። በሰኔ 1972 ትራንግ ባንግ በተባለች የቬትናም መንደር ናፓልም የተባለ ተቀጣጣይ ቦምብ ልብሷን ያቃጠለባት የዘጠኝ ዓመቷ ኪም ፉክ ስትሮጥ የሚያሳየው ፎቶ ለአሶሺየትድ ፕሬሱ ፎቶ አንሺ ኒክ ኡት የፑሊትዘር ሽልማት አስገኝቷል። ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ማን አነሣው የሚል ክርክር ተነሣ። በ2025 ወርልድ ፕሬስ ፎቶ የአንሺውን ስም ከፎቶው ላይ ለጊዜው አነሣ፤ አሶሺየትድ ፕሬስ በበኩሉ ለመለወጥ የሚያበቃ ማስረጃ አላገኘሁም ብሎ ስሙን እንደያዘ ቀጠለ። ከክርክሩ ነጥቦች አንዱ ፎቶው በየትኛው ካሜራ እንደተነሣ ነበር። የእርስዎ ፋይል የካሜራውን መለያ ቁጥርና ሰዓቱን ይዞ ይቀመጥ።

አሁን ወደ ቆሰለው ሰው እንምጣ። «ላንሳ ወይስ ልርዳ» የሚለው ጥያቄ እዚያ ቦታ ላይ በልብ ግፊት ብቻ አይመለስም፤ አብዛኛው የሚወሰነው በቀረዎት አንድ ወር ውስጥ ነው። ደም ማቆም ካልተማሩ የሚመርጡት ነገር የለም፤ ያለዎት ካሜራ ብቻ ነው። ስለዚህ ከማንኛውም የዕቃ ግዢ በፊት በአደገኛ አካባቢ ለሚሠሩ ጋዜጠኞች የሚሰጥ የደኅንነትና የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና ይውሰዱ፤ ወጪውን ወኪሉ እንዲችል ይጠይቁ። ፎቶ አንሺው ቲም ሄዘሪንግተን በሚያዝያ 2011 ሚስራታ፣ ሊቢያ ውስጥ በፍንጣሪ ቆስሎ ብዙ ደም ፈሶት ሞተ፤ ባልደረባው ፎቶ አንሺ ክሪስ ሆንድሮስም በዚያው ጥቃት ሕይወቱን አጣ። ከዚያ በኋላ የሄዘሪንግተን የሥራ ጓደኛ ሰባስቲያን ዩንገር ሪስክ የተባለ፣ ጋዜጠኞች የቆሰለ ባልደረባቸውን እንዲያድኑ የሚያሠለጥን ድርጅት ያቋቋመው ለዚህ ነው። ትልቅ የደም ሥር የተቆረጠበት ሰው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል፤ አምቡላንስ እስኪመጣ የሚጠብቅ ነገር አይደለም።

ሁለት ቱርኒኬት (እጅ ወይም እግር ላይ ተጠምዝዞ ደም የሚያቆም ማሰሪያ) በጥይት መከላከያ ሰደሪያዎ ውጭ፣ በቀኝም በግራም እጅ በሚደረስበት ቦታ ይሰሩ። ቦርሳ ሥር የተቀበረ ቱርኒኬት የለም ማለት ነው። አጠቃቀሙን ሥልጠናው በእጅዎ ያስለምድዎታል፤ ዋናው ግን ይህ ነው፦ ከቁስሉ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ፣ በጉልበት ወይም በክርን ላይ ሳያርፍ ይታሰራል፤ ቁስሉ የት እንዳለ ካልታየ በልብስ ላይ እጅና እግሩ ከሚጀምርበት አጠገብ። ደሙ እስኪቆም ይጠመዘዛል። ቆስሎ የሚጮህ ሰው ሲያዩ እጅ ማላላት ተፈጥሯዊ ነው፤ አብዛኛው ስህተትም ይኸው ነው። በደንብ የታሰረ ቱርኒኬት በጣም ያማል። የታሰረበትን ሰዓት ይጻፉበት፤ ሐኪም እስኪያየው አይፍቱት። ብሽሽትና ብብት ላይ ቱርኒኬት አይሠራም፤ እዚያ በፋሻ ጠቅጥቆ በሙሉ ክብደት መጫን ነው።

የራስ ቁሩና ለስላሳው ሰደሪያ ፍንጣሪንና የሽጉጥ ጥይትን እንዲያቆሙ የተሠሩ ናቸው። የጠመንጃ ጥይት የሚያቆመው ሰደሪያው ውስጥ የሚገባው ጠንካራ ሰሌዳ ነው፤ የላይኛው ጠርዙ በሁለቱ የአንገት አጥንቶች መካከል ካለችው ጎድጓዳ ቦታ አጠገብ ካልደረሰ ልብን አይሸፍንም። የተዋሱት ሰደሪያ የትልቅ ሰው ልክ ከሆነ ሰሌዳው ወደ ሆድ ይወርዳል፤ ይህ በተለይ ሴቶች ባልደረቦቻችን ላይ ይደጋገማል። «ፕሬስ» የሚለውን ጽሑፍ ይለጥፉ አይለጥፉ እኛ ከዚህ ሆነን አንነግርዎትም። በ1977 የወጣው የጄኔቫ ስምምነቶች አንደኛ ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 79 ጋዜጠኛን እንደ ሲቪል ይጠብቀዋል፤ መሬት ላይ ግን ጽሑፉ አንዳንዴ ያድናል፣ አንዳንዴ ዒላማ ያደርጋል። በዚያ ሳምንት እዚያ ያሉትን የአካባቢው ጋዜጠኞች ይጠይቁ።

ሥልጠናውን ከወሰዱ ደንቡ አጭር ነው። ደሙን ሊያቆም የሚችል ሌላ ሰው ከሌለ ካሜራው ይወርዳል። የሕክምና ሠራተኞች እየሠሩ ከሆነ ሥራዎ ማንሳት ነው፤ መተላለፊያ አይዝጉ፣ ብርሃናቸውን አይከልሉ፣ ውጡ ከተባሉ ይውጡ። ከፎቶው በኋላም ሥራው አላለቀም፤ ያነሡት ሰው ምን እንደሆነ ይጠይቁ። ኬቨን ካርተር በ1993 ሱዳን ውስጥ ያነሣው፣ በረሃብ የወደቀን ሕፃንና ከኋላው የቆመ አሞራን የሚያሳየው ፎቶ ሲታተም አንባቢው የጠየቀው ስለ ሌንሱ አልነበረም፤ «ልጁ ምን ሆነ?» ነበር። ኒው ዮርክ ታይምስ ከቀናት በኋላ የአርታኢ ማስታወሻ ለማውጣት ተገደደ። ፎቶው በዓመቱ ፑሊትዘር አሸነፈ፤ ጥያቄው ግን ቀረ። «ወደ ሆስፒታል ተወስዷል» ወይም «ከአንድ ሰዓት በኋላ ሕይወቱ አልፏል» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ከፎቶው ጋር ትሂድ። ካላወቁ ጠይቀው እንዳላገኙ ይጻፉ።

የሰርግ ሥራዎ ግን ያሳስበናል፣ በግልጽ እንናገር። ሰርግ ላይ «እስቲ ወደ መስኮቱ ዞር በሉ፣ አንዴ ድገሙት» ማለት ሙያው ነው፤ እዚህ ግን ከዜና ያስወጣዎታል። ችግሩ አዲስ አይደለም። በ1863 በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት አሌክሳንደር ጋርድነር ጌቲስበርግ ላይ ያነሣው «የአማፂው አነጣጣሪ» ፎቶ ለመቶ ዓመት ገደማ እንደ እውነት ሲታይ ኖሮ፣ በኋላ ተመራማሪዎች አስከሬኑ ቀድሞ በሌላ ቦታ እንደተነሣና 36 ሜትር ያህል ተወስዶ ድንጋዩ ሥር እንደተቀመጠ ከፎቶዎቹ አነጻጽረው አወቁ። ዛሬ ብዙ ጊዜ አዘጋጁ ፎቶ አንሺው አይደለም፤ ታጣቂዎቹ ራሳቸው ያዘጋጁልዎታል። አንዱ ወደ ባዶ መስክ ሲተኩስ ጓደኞቹ ከኋላው ቆመው ሻይ የሚጠጡ ከሆነ ውጊያ አይደለም። ካሜራ ሲመጣ የሚጀምር፣ ካሜራ ሲወርድ የሚቆም ነገር ሁሉ ለእርስዎ የተሠራ ነው። «ወደ ምን ነው የምትተኩሱት?» ብለው ይጠይቁ፤ መልስ ከሌለ ካሜራዎን ያውርዱ። ሰውን አቁሞ የፊት ፎቶ ማንሳት ይፈቀዳል፤ መግለጫው «ለፎቶ ቆሞ» ካለና ከዚያ ሌላ ምንም እንዲያደርግ ካላዘዙት።

ምርኮኛን በሚመለከት፣ በ1949 የወጣው ሦስተኛው የጄኔቫ ስምምነት አንቀጽ 13 የጦር ምርኮኞች ከስድብና ከሕዝብ መመልከቻነት እንዲጠበቁ ያዛል። ግዴታው በቀጥታ የሚያርፈው በያዛቸው መንግሥት ላይ ቢሆንም ጠንቃቃ የዜና ተቋማት በፎቶ ምርጫቸው ያከብሩታል። እርስዎም ማንነቱ የሚለይ ፊት አያንሱ፤ ከጀርባ፣ እጅን፣ የሰልፉን ርዝመት፣ የተያዙበትን ሁኔታ ያንሱ። የመጎሳቆል ምልክት ካዩ ግን ያንሱት፤ ማስረጃ ነው። ፊት ሳይታይ እንዴት እንደሚወጣ ከአርታኢው ጋር ይወስኑ። ምርኮኛን ጠባቂው አጠገብ ቆሞ «ፈቃደኛ ነህ?» ብሎ መጠየቅ ለይስሙላ ነው። ይህ ለተፈናቃይም ይሠራል፤ አስተርጓሚው የታጠቀ ከሆነ ወይም የታጣቂው ዘመድ ከሆነ ያገኙት ፈቃድ ዋጋ የለውም።

ፈቃድ ሲጠይቁ «ፎቶ ላንሳዎት?» አይበቃም። ፎቶው ጎረቤትዎ ስልክ ላይ፣ ቤትዎን ያቃጠሉት ሰዎች ስልክ ላይ ሊደርስ ይችላል፣ ከወጣ በኋላም ልመልሰው አልችልም ይበሉ፤ ከዚያ ዝም ብለው ይጠብቁ። መንገድ ላይ መድፍ ሲወርድ ማንንም አይጠይቁም፤ ያነሣሉ፣ በኋላ ያጣራሉ። በሆስፒታል አልጋ፣ በመጠለያ ድንኳን፣ በሰው ቤት ውስጥ ግን ቀድመው ይጠይቃሉ።

አስከሬን ይነሣል። ጦርነት ሰው እንደሚገድል የማያሳይ የጦርነት ፎቶ ውሸት ነው ብለን እናምናለን። ጥያቄው ማን በምን መንገድ ያየዋል ነው። ቤተሰብ የሞተበትን ሰው በፊቱ ብቻ አይለይም፤ በጫማው፣ በሹራቡ፣ በእጅ ሰዓቱም ይለየዋል። በ2003 ኢራቅ ውስጥ ከአሜሪካ ጦር ጋር ለሚጓዙ ጋዜጠኞች የወጣው ደንብ የተጎዳ ወታደር ማንነት ለ72 ሰዓት ወይም ቤተሰቡ እስኪረዳ፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከሚመጣው፣ እንዳይገለጥ ይል ነበር። ለሲቪል ሟች እንዲህ ያለ ደንብ የጻፈ የለም፤ እርስዎ በራስዎ ላይ ይጻፉት። በ2009 አሶሺየትድ ፕሬስ አፍጋኒስታን ውስጥ ለሞት ያበቃ ቁስል የደረሰበትን የአሜሪካ ወታደር ፎቶ ከቀብሩ በኋላ፣ ግን አባቱ አታውጡ እያሉ፣ አወጣ፤ የመከላከያ ሚኒስትሩም ተቃወሙ። እኛ መሐል እንኳ በዚህ ጉዳይ አልተስማማንም። የተስማማንበት፣ ውሳኔው የአርታኢው ነው እንጂ ደክሞት ማታ ፎቶ የሚልክ ሰው ብቻውን የሚወስነው መሆን የለበትም። ስለዚህ አከራካሪውን ፎቶ ለብቻው «ከአርታኢ ውሳኔ በፊት አይወጣም» ብለው ይላኩ፣ ይደውሉም። ከአንድ ቦታም ሦስት ዓይነት ያንሱ፦ ሙሉውን ትዕይንት፣ ፊት የማይታይበትን፣ ዙሪያውን ብቻ። አርታኢው የሚመርጠው ካላጣ ከባዱን ፎቶ በግድ አያወጣም።

ለልጆች ዩኒሴፍ ያወጣው መመሪያ ግልጽ ነው፤ የወሲብ ጥቃት የደረሰበት ልጅ፣ መሣሪያ የያዘ የአሁን ወይም የቀድሞ ሕፃን ተዋጊ፣ በወንጀል የተከሰሰ ልጅ ስሙ ይለወጣል፣ መልኩ ይሸፈናል። የወሲብ ጥቃት ለደረሰባቸው አዋቂዎች ደግሞ በ2022 ይፋ የሆነውን፣ ከተጎጂዎች መረጃ ስለ መሰብሰብ የወጣውን የሙራድ ኮድ የተባለ የሥነ ምግባር ደንብ ከመሄድዎ በፊት ያንብቡ። ማንነትን መደበቅ ካለብዎት በኮምፒውተር ሳይሆን በካሜራው ይደብቁት። ብዥ የተደረገ ፊት ዋናው ፋይል ካርዱ ላይ እስካለ ድረስ አልተደበቀም፤ ኬላ ላይ ካርዱን የሚወስድ ሰው ያየዋል። ጥላ ምስል ካነሡም ይፈትኑት። ሮው ፋይል ጥቁር በሚመስል ቦታ ብዙ መረጃ ይይዛል፤ ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን ብርሃን) በኮምፒውተር እስከ +5 ከፍ አድርገው ፊቱ ከወጣ ጥላው ሐሰት ነው። ከኋላ ጠንካራ ብርሃን፣ ፊት ለፊት ምንም የሚያንጸባርቅ ግድግዳ በሌለበት እንደገና ያንሱ። ጠባሳ፣ ቀለበት፣ የቀሚስ ጥለት፣ የበሩ ቀለም፣ በመስኮቱ የሚታይ ማማ፣ እነዚህ ሁሉ ስም ይናገራሉ።

ሰማዩን ስለማጥቆር፤ አያጥቁሩት። «ሁሉም የሚያደርገው» ያሉዎት ሰው ምን እንደሚያስከፍል አልነገሩዎትም። ብሪያን ዋልስኪ በ2003 ባስራ አጠገብ ያነሣቸውን ሁለት ፎቶዎች አንድ አድርጎ ላከ፤ በፎቶው ውስጥ ተደግመው የታዩ ሰዎች አጋለጡት፣ ሎስ አንጀለስ ታይምስ አባረረው። አድናን ሐጅ በ2006 ቤይሩት ላይ ጭስ በኮፒ አብዝቶ ተገኘ፤ ሮይተርስ የእሱን 920 ፎቶዎች በሙሉ ከማኅደሩ አወጣ። ናርሲሶ ኮንትሬራስ ከሶርያ ፎቶው ጥግ ላይ የነበረችን የባልደረባ ቪዲዮ ካሜራ አጠፋ። አሶሺየትድ ፕሬስ ወደ 500 የሚጠጉ ፎቶዎቹን መርምሮ ሌላ የተነካ አላገኘም፤ እንዲያም ሆኖ በ2014 ግንኙነቱን አቋረጠ። በ2015 የወርልድ ፕሬስ ፎቶ ዳኞች ወደ መጨረሻው ከቀረቡት ፎቶዎች 20 በመቶውን ከውድድር አስወጡ፤ ብዙዎቹ የወደቁት ነገር ጨምረው ሳይሆን ጥላውን አጥቁረው ዝርዝሩን ስላጠፉ ነው።

ልኩ እንዲህ ይለካል፦ ጎን ለጎን ዋናውን ፋይልና የሠሩበትን ያስቀምጡ። በዋናው የሚታይ ሰው ወይም ነገር በሁለተኛው ጠፍቶ ከሆነ፣ ወይም እኩለ ቀን ወደ ምሽት ተለውጦ ከሆነ፣ ልኩን አልፈዋል። መቁረጥ፣ አጠቃላይ ብርሃኑን መጠነኛ ማስተካከል፣ የነጩን ቀለም ማረም ብዙ ጊዜ ይፈቀዳል። የሰንሰር ብናኝ ማጥፋት በአንዳንድ ወኪሎች ይፈቀዳል፤ በሰማይ ላይ ብቻ፣ በትንሽ ብሩሽ፣ አርታኢው አውቆት። ድሮን ወይም ወፍ የሚመስል ነጥብ ከሆነ ይተዉት። የፎቶን ሻካራ ነጥብ የሚቀንሱ፣ ምስል የሚያጠሩ፣ በአንድ ጠቅታ ነገር የሚያጠፉ አዳዲስ መሣሪያዎች ያልነበረ ዝርዝር ሊፈጥሩ ስለሚችሉ ኮምፒውተሩ ላይ አይጫኑ። ከ2023ቱ ላይካ ኤም11-ፒ ጀምሮ አንዳንድ ካሜራዎች ፎቶው የተነሣበትን ታሪክ በዲጂታል ፊርማ ያትማሉ። ጥሩ ነገር ነው፤ ግን በፊርማው ውስጥ ቦታ ተመዝግቦ እንዳይወጣ ይፈትሹ።

የፎቶ መግለጫ ለእኛ ከሌንስ ይበልጣል፤ ጥሩ ፎቶ መጥፎ መግለጫ ይዞ ከወጣ የሐሰት ዜና ይሆናል። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ ይበል፤ ሁለተኛው ያልታየውን። ለምሳሌ፦ «አንድ አባት ማክሰኞ ዕለት በመድፍ በተመታው ቤቱ ፍርስራሽ ውስጥ የልጁን ደብተር ሲፈልግ። ቤቱን ማን እንደመታው ሁለቱ ወገኖች ይወነጃጀላሉ፤ ወኪሉ በራሱ ማረጋገጥ አልቻለም።» ቅጽል አይግባበት። በመድፍ ይሁን በአውሮፕላን ካላወቁ «በተመታው» ብቻ ይበሉ። ድሮ ፎቶ አንሺዎች ሰውየው ስሙን የጻፈበትን ወረቀት ከፎቶው ቀጥሎ ያነሡ ነበር፤ አሁን ያ ካርድ ኬላ ላይ ሲያዝ የስም ዝርዝር ይሆናል። ለያንዳንዱ ሰው ቁጥር ይስጡ፤ ስሙ በሌላ ቦታ፣ በይለፍ ቃል በተቆለፈ ፋይል ይቀመጥ። የጦር ቦታን የሚያሳይ ፎቶ እርስዎም እዚያ የነበሩ ሰዎችም ከቦታው ሳይለቁ አይላክ፤ ከጀርባ ያለ ጉብታ ወይም ምሰሶ ቦታውን በሳተላይት ካርታ ለማግኘት ይበቃል።

አስተርጓሚዎና መንገድ መሪዎ እርስዎ ከሄዱ በኋላ እዚያው ይቀራሉ። የእርስዎን የመሰለ ሰደሪያና ቱርኒኬት ይኑራቸው፤ ስማቸው ከፎቶው ጋር ይውጣ አይውጣ የሚሉት እነሱ ናቸው፤ «እዚህ አንሄድም» ካሉ ክርክር የለም።

ውሉን ሳይፈርሙ የሚከተሉትን በጽሑፍ ያስገቡ፦ የሕይወትና የአካል ጉዳት መድን፣ ከቆሰሉ የሚያወጣዎት ማን እንደሆነና ወጪውን ማን እንደሚከፍል፣ መድኑ አስተርጓሚዎን ይጨምር እንደሆነ፣ ፎቶው ባይወጣም ቀኑ እንደሚከፈል፣ ዋናው ፋይል የማን እንደሆነ፣ ፎቶው ለፖለቲካ ወይም ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ማስታወቂያ እንዳይሸጥ። የመጨረሻው አንቀጽ፣ ወኪሎች ብዙ ጊዜ የማያስቡበት፣ ይህ ይሁን፦ ያነሡት ሰው ከወር በኋላ ደውሎ «ፎቶዬ አደጋ ላይ ጥሎኛል» ቢል፣ ከደንበኞች ሁሉ እንዲወርድ ማሳሰቢያ የሚልከው የትኛው ዴስክ እንደሆነ፣ በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚልክ፣ ሌሊትም የሚነሣው ስልክ ቁጥሩ ስንት እንደሆነ። ያንን ቁጥር ላነሡት ሰው በሚሰጡት ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ ወረቀቱ ለእሱም አደጋ ከሆነ በስልኩ ላይ በሌላ ስም ይመዝግበው።